ላፕቶፕ ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን እዩ፦ የቤት ውስጥ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ችግርና መፍትሄ

ጥር ሲገባ የሰርግ ቪዲዮ ይጎርፋል፤ ላፕቶፕ አቅፈው የሚመጡ ሰዎችም ይበዛሉ። የሚሉት ያው ነው፦ «ይሄ ላፕቶፕ አልቻለም፣ የትኛውን ልግዛ?» ላፕቶፑ በእውነት ያልቻለበት ጊዜ አለ፤ እሱን ወደ ታች አነሳዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የዲስኩ ነው፤ ካልሆነም ዲስኩን ከላፕቶፑ ያገናኘው ገመድ ነው። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ። «ሪስታርት አድርጉ፣ ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጉ» የሚለውን ሞክራችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው።

ምልክት፦ በአንድ ካሜራ ደህና ነው፣ ሦስት ሲሆን ታይምላይኑ ይቆማል

ፕሌይ ስትሉት ሁለት ሦስት ሰከንድ ይሄዳል። ከዚያ ድምፁ ይቀጥላል፣ ምስሉ ይቀራል። ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን እዩ። ፕሮሰሰሩ 30 በመቶ ላይ ተዝናንቶ፣ ኤክስተርናሉ (ከውጭ የተሰካው ዲስክ) 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ ጥፋተኛው ታውቋል። እዚያው የንባብ ፍጥነቱን ተመልከቱ። ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት በሰከንድ ላይ ተቸንክሮ አልነቃነቅ ካለ፣ ዲስኩ እየሠራ ያለው በዩኤስቢ 2 ነው።

«ዲስኬ እኮ ዩኤስቢ 3 ነው!» ይሉኛል። ዲስኩስ ነው። ገመዱስ?

ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ ሶኬት ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሁለት ክፍል አለው። ሰፋ ያለው ክፍል የድሮ ስልክ ቻርጀር የሚገባበት ያው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። በእሱ የሚያልፈው የዩኤስቢ 2 ፍጥነት ብቻ ነው። ከጎኑ ያለችው ጠባብ ክፍል 5 ተጨማሪ የመዳብ እግሮች አሏት፤ የዩኤስቢ 3 ፍጥነት የሚያልፈው በእነሱ ነው። ታዲያ ጠባቧ በኩል ገመዱ ትንሽ ከላላ ዲስኩ አይጠፋም፣ ኤረርም አያሳይም። ድምፁን አጥፍቶ ወደ ዩኤስቢ 2 ይወርዳል። ሰው ላፕቶፑን የሚረግመው ለዚህ ነው።

አንድ የሰርግ ኤዲተር ዋናው ገመድ ጠፍቶበት ሰፊው ክፍል ላይ የስልክ ቻርጀር ገመድ ሰክቶ ኖሯል። ይገባል እኮ! ይሠራልም። ልጁ ለወራት እንደዚያ ሲሠራ ቆይቶ የዕቁብ ተራውን ለአዲስ ላፕቶፕ መድቦ ነበር። ገመዱን ቀየርኩለት፤ ሦስቱም ካሜራ ሄደ። ዕቁቡን ለሌላ ጉዳይ አዋለው።

ታይፕ ሲ መጥቶ ይሄን ይገላግለናል ብዬ ነበር። ጭራሽ አባሰው። ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጣው የታይፕ ሲ ገመድ በአብዛኛው ዳታ የሚያሳልፈው በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው፤ በመልክ ግን ከፈጣኑ ገመድ አይለይም። አንዷ ደንበኛዬ ወንድሟ ከአሜሪካ ጥሩ ኤስኤስዲ (እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ልኮላታል፤ በሰከንድ 1000 ሜጋባይት የሚያነብ። አብሮት የመጣው ገመድ አጠረባትና የስልኳን ረጅም ገመድ ሰካችበት። ስንለካው 40 እንኳን አልሞላም።

ለምን ሦስተኛው ካሜራ ላይ እንደሚወድቅ በሒሳብ እንየው። 4ኬ የሚቀርጹ ብዙ ካሜራዎች 100 ሜጋቢት በሰከንድ ይጽፋሉ። ሜጋቢትና ሜጋባይት አትቀላቅሉ፤ 100ን ለ8 ስታካፍሉት 12.5 ሜጋባይት ነው። ሦስት ካሜራ ጎን ለጎን 37.5 ይሆናል። የዩኤስቢ 2 አቅም እዚያው ጋ ነው የሚያልቀው። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከሦስት ቦታ እየዘለለ ስለሚያነብ ከዚያም ቀድሞ ይደክማል።

መፍትሄው ይኸው። ዲስኩን ከሳጥኑ በወጣው ገመድ፣ ያለ ሀብ (ያለ ፖርት ማብዣ)፣ ላፕቶፑ ላይ ሰማያዊ ወይም የኤስኤስ ምልክት ባለው ፖርት ሰኩ። የአንዳንድ ላፕቶፕ አንደኛው ፖርት ዩኤስቢ 2 ነው፤ እሱን ለማውስ ተዉት። ከዚያ ክሪስታልዲስክማርክ በሚባለው የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ለኩ። ጤነኛ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ከ100 እስከ 140 አካባቢ ያሳያል። በዩኤስቢ 3 የተሰካ ሳታ ኤስኤስዲ (ከኤስኤስዲ ዘገም ያለው ዓይነት) ከ400 ያልፋል። 10 ጊጋቢት በሚችል ፖርት ላይ ፈጣን ኤስኤስዲ ወደ 1000 ይጠጋል። ገመዱ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስም ጻፉበት። ስልክ ቻርጅ አታድርጉበት። ለማንም አታውሱት፤ ለታናሽ ወንድማችሁ በተለይ።

ሃርድ ዲስኩ 120 እያሳየም ብዙ ካሜራ ካቃተው፣ በቃ ሃርድ ዲስክነቱ ነው። ሥራችሁን ኤስኤስዲ ላይ ሥሩ፣ ያለቀውን ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ስንት ቴራ ልግዛ ለምትሉ፦ በ100 ሜጋቢት የተቀረጸ አንድ ሰዓት 45 ጊጋ ነው። ሦስት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ከቀረጸ 540 ጊጋ። ስለዚህ 1 ቴራ ኤስኤስዲ አንድ ሰርግ ይይዛል፣ ሁለት አይይዝም።

ምልክት፦ ኮፒ ሲደረግ ሰላም ነው፣ ሲከፈት ፋይሉ ሞቷል

ይሄኛው ያናድደኛል። «2 ቴራ ኤስኤስዲ» ይባላል፣ 16 ቴራ የሚሉም አሉ። ዋጋው ከአንድ ደህና ፍላሽ አይበልጥም። ሻጩ «ከዱባይ የመጣ ነው» ይላል። ከዱባይ መምጣቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ኤስኤስዲነቱ ነው ውሸቱ።

አንዱን በቢላ ከፍቼ አይቻለሁ። ውስጡ አውራ ጣት የምታክል ቦርድ አለች። ላይዋ ላይ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ተሰክቶ በሙጫ ተለስኗል። ከጎኑ ደግሞ ክብደት እንዲሰጥ ቁራጭ ብረት ተጣብቋል። ሌላ ምንም የለም።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ለኮምፒውተሩ «2 ቴራ ነኝ» ብሎ ይዋሻል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ በኋላ የሚገባው ወይ ይጣላል ወይ በቀድሞው ላይ ይጻፋል። የፋይሉ ስምና መጠን ይታያል፣ ውስጡ ግን የለም። የካሜራው ካርድ ቀድሞ ፎርማት ከተደረገ የሰው ሰርግ ጠፋ ማለት ነው። ይሄ ጥገና የለውም። ወደ እኔ አታምጡት።

ማድረግ ያለባችሁ ቀድማችሁ መፈተን ነው። ከመርካቶም ግዙ ከቦሌ፣ ወይም ዘመድ በሻንጣ ያምጣላችሁ፣ አንድ ፋይል ከማስገባታችሁ በፊት በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ በማክና በሊኑክስ ኤፍ3 የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች አሂዱ። ዲስኩን ጥግ ድረስ ሞልተው መልሰው ያነባሉ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ይፍጅ። ዊንዶውስ «2 ቴራ» ብሎ ማሳየቱ ማረጋገጫ አይደለም። ሻጩ ፊት ለፊታችሁ አንድ ፊልም ኮፒ አድርጎ ማሳየቱም ማረጋገጫ አይደለም።

ምልክት፦ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ይቀጥላል፣ ዲስኩ ይጠፋል

የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ የጠረጴዛ ኤክስተርናል ነው። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው መብራት መሄዱን እንኳን ላታስተውሉ ትችላላችሁ፤ ዲስኩ ግን እየጻፈ ሳለ ተገድሏል። ዲስክ ፋይል ከሚያደራጅባቸው ፎርማቶች መካከል፣ በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ዲስክ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ መቋረጥ ከኤንቲኤፍኤስ ባነሰ ነው የሚችለው። ሲመለስ «ፎርማት ይደረግ?» ይላችኋል። አይደረግ በሉ። ነቅላችሁ ዳታ ማውጣት ለሚያውቅ ሰው ውሰዱት። ለወደፊቱ ዲስኩን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ሰኩ፤ ካልሆነ ከላፕቶፑ ከራሱ ኃይል የሚያገኘውን ትንሹን ዲስክ ግዙ።

ቶሎ ቶሎ የሚያልቁት

ዲስኩ ባዶ ሆኖ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ካለ ፎርማቱ ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ዳታውን አውጡና በኤክስፋት ፎርማት አድርጉ። ማክ ላይ ዲስኩ ይነበባል ግን አይጻፍበትም ካላችሁ ኤንቲኤፍኤስ ነው፤ መፍትሄው ያው ነው።

ትናንት የሠራችሁት ፕሮጀክት ዛሬ «ሚዲያ ኦፍላይን» ብሎ ከቀላ፣ ዲስኩ ትናንት ኢ ነበር ዛሬ ኤፍ ሆኗል። ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ ከፊደሉ መጨረሻ አንዱን፣ ለምሳሌ ዜድን፣ ስጡት።

ሲ ድራይቭ በራሱ ጊዜ እየሞላ ከሆነ የፕሪሚየር (የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ) ሚዲያ ካሽ፣ ማለትም እየሠራ የሚያከማቸው ጊዜያዊ ፋይል ነው። ከሴቲንግ ወደ ኤስኤስዲው አዛውሩት፣ የቆየውን አጥፉ።

ምልክት፦ ዲስኩ ፈጣን ነው፣ ገመዱ ጤነኛ ነው፣ አሁንም ይንቀራፈፋል

አሁን ላፕቶፑን መጠርጠር ይቻላል። ታስክ ማናጀር ላይ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ከሆነ ቪዲዮው በምን እንደተቀረጸ እዩ። አይፎንና አዳዲስ ካሜራዎች ኤች 265 የሚባለውን፣ በጣም የተጨመቀና ለመፍታት የሚከብድ ቪዲዮ ይጽፋሉ። በኢንቴል በኩል ባለ 10 ቢቱን ኤች 265 በሃርድዌር የሚፈታው ከ7ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ጀምሮ ነው። ካሜራችሁ 4፦2፦2 ባለ 10 ቢት (ቀለም አብዝቶ የሚይዘውን ዓይነት) የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ 11ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ወይም ኤም1ና ከዚያ በላይ የሆነ ማክቡክ ፈልጉ።

እዚህ ላይ ያገለገለ ዕቃ ሻጮች «ኮር አይ7 ነው» ብለው ያሞኛሉ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ7-4600ዩ 4ኛ ትውልድ ነው፤ ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው። አይ5-8250ዩ 8ኛ ትውልድ ነው፤ አራት ኮር አለው። አይ5ቱን ውሰዱ። ራም ከ16 ጊጋ አትውረዱ፤ 32 ቢሆን ይመረጣል። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ በኋላ እጨምራለሁ ማለት የለም። የማክቡኩም እንደዚያው ነው።

ገንዘቡ ከሌለ ፕሮክሲ ሥሩ። ፕሪሚየርም ዳቪንቺ ሪዞልቭም ያለውን ቪዲዮ ወደ ቀላል ቅጂ ይቀይሩላችኋል። ማታ አስጀምሯችሁት ትተኛላችሁ። በመጨረሻ ኤክስፖርት ሲደረግ ዋናው ፋይል ነው የሚወጣው። ደንበኛው ልዩነቱን አያይም፣ ምክንያቱም ልዩነት የለም።

ላፕቶፑን አልጋ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡ። የአየር መውጫው ሲታፈን ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል፤ ከዚያ «አዲስ ሆኖ ተንቀራፈፈ» ትሉኛላችሁ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ መጀመሪያ ከሀቡ ነቅላችሁ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፤ ኃይል አንሶት ይሆናል። አሁንም ካለ አጥፉት፤ «አንዴ ልሞክር» አትበሉ፣ እያንዳንዱ ሙከራ ዳታውን ሊፍቀው ይችላል።

ርካሽ ኤስኤስዲ ኮፒ ሲጀምር ሮጦ መሃል ላይ ከሃርድ ዲስክ በታች ከወረደ ካሹ (መጀመሪያ የሚቀበለው ፈጣኑ ቦታ) ሞልቶ ነው፤ ከፋፍላችሁ ኮፒ አድርጉ።

በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ድምፁ ቀስ በቀስ ከአፍ ከተለየ በሰከንድ ያለው የፍሬም (የምስል) ብዛት ተለዋዋጭ ነው፤ ሃንድብሬክ በሚባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ቀይሩት።

ኤክስተርናሉ ሲሰካ ገመድ አልባው ማውስ ከዘለለ የዩኤስቢ 3 ረብሻ ነው፤ የማውሱን መቀበያ በሌላኛው ጎን ሰኩ።