የባይኖሚያል ቫሪያንስ ቀመር ከጠፋባችሁ ከአንድ ፍሬ ጀምሩ

ብዙ ተማሪ የባይኖሚያል ስርጭትን (ከተወሰኑ ሙከራዎች ስንቱ እንደሚሳካ የሚገልጸውን) ቫሪያንስ፣ ማለትም ውጤቱ በአማካዩ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚዋዠቅ የሚለካውን ቁጥር፣ በቃሉ ይይዝና በፈተና ቀን ይጠፋበታል። መሸምደድ አያስፈልግም። አንድ የማሽላ ፍሬ ብቻ አስቡ፤ ከበቀለ 1፣ ካልበቀለ 0 ጻፉ። 1 በራሱ ሲባዛ ያው 1 ነው፤ 0ም ያው 0። ስለዚህ የካሬው አማካይ ከአማካዩ ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም የመብቀል ዕድሉ ናቸው። ቁልፉ ይህ ነው! ቫሪያንስ ማለት ከካሬው አማካይ ላይ የአማካዩ ካሬ ሲቀነስ ስለሆነ፣ ለአንዱ ፍሬ ዕድል × (1 − ዕድል) ይሆናል። ፍሬዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ከሌላቸው ቫሪያንሶቹ ይደመራሉ፤ በብዛታቸው ማባዛት ብቻ ነው።

አንድ የቆቦ ገበሬ ከመዝራቱ በፊት፣ የመብቀል ዕድሉ 0.9 ነው ከተባለ ዘር 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ቢሞክር አማካዩ 90፣ ቫሪያንሱ 100 × 0.9 × 0.1 = 9፣ መደበኛ ልይይቱ (የቫሪያንሱ ካሬ ሥር፣ ከአማካዩ የተለመደው ርቀት) 3 ነው። 86 ቢበቅል መደንገጥ አይገባም። 75 ከሆነ ግን ዘሩን ይጠራጠር። ዕድሉ 0.5 ቢሆን ቫሪያንሱ 25 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ማሳ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዝናቡ ሲቀር ለሁሉም ፍሬ በአንድ ጊዜ ይቀራል፤ ዕጣቸው የተሳሰረ ስለሆነ ይህ ቀመር እውነተኛውን መዋዠቅ በጣም አሳንሶ ያሳያል።