ሄፓታይተስ ቢ አለባችሁ ሲሏችሁ፦ መድኃኒቱ መቼ ነው የሚጀመረው?

አዲስ አገር ስትገቡ የጤና ምርመራ አለ። በብዙ አገር ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢም፣ አብሮ ይታያል። ከጎጃም ለመጣ ሰው "አለብህ" ሲሉት ቶሎ ትዝ የሚለው የወፍ በሽታ ነው፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው። ቫይረሱ ያለበት ብዙ ሰው ግን ዓይኑም አይለወጥ፣ ሕመምም አይሰማው። ለአስተርጓሚውም "የወፍ በሽታ" አትበሉት፤ ቃል በቃል ከተረጎመው ሐኪሙ ግራ ይገባዋል። ስሙን ጥሩት፤ ሄፓታይተስ ቢ።

ፖዘቲቭ ስለሆናችሁ ብቻ ዛሬውኑ ክኒን አይጀመርም። ሐኪሙ በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን፣ ኤኤልቲ የሚባለውን የጉበት ምርመራና ጉበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቶ ነው የሚወስነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2024 መመሪያ፣ ቫይረሱ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ2,000 ዩኒት ከበለጠና ኤኤልቲም ከፍ ካለ ጀምሩ ይላል። ጠባሳው የጎላ ከሆነ ግን ይህ ቁጥር አይጠበቅም። ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ ዲ ሲኖር፣ ከቤተሰብም የጉበት ካንሰር የያዘው ሰው ካለ እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። እኛ ዘንድ "አጎቴ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ሞተ" ተብሎ ይታለፋል። ምናልባት ጉበቱ ነበር። እናንተ ካልነገራችሁት ሐኪሙ ከየት ያውቃል? ሳይጠይቃችሁም ንገሩት።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ የቫይረሱን መጠን አስለኪ። ከ200,000 ዩኒት በላይ ከሆነ ወደ ሕፃኑ እንዳይተላለፍ መድኃኒት ይሰጥሻል። ሕፃኑም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት።

"ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግህም" የተባለ ሰው ቀጠሮውን እንዳይተው። ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ የዛሬው ውጤት ለከርሞ አይሠራም። ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር የሚባለውን የቫይረሱን መድኃኒት የጀመረ ደግሞ "ተሽሎኛል" ብሎ በራሱ አያቁም፤ ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። ከአገር ቤት የሚላክ የወፍ መድኃኒት አትጠጡ፣ አረቄውንም ተዉት።

ከአንድ ትሪ መብላትና መጎራረስ አያስተላልፍም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየብቻ ይሁን። ቤተሰብ ጋ ስትደውሉም እናት፣ ወንድም፣ እህት ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሄደው እንዲመረመሩ ንገሯቸው። ቫይረሱ የሌለበትና ያልተከተበ ክትባቱን ይውሰድ።