ባለቀለም ንቅሳት በደጋ ፀሐይ እንዳይደበዝዝ

ደሴ ባለው ቤታችን ሁለት ዓይነት ንቅሳት አለ። አክስቴ በልጅነታቸው በመርፌና በጥላሸት አንገታቸው ላይ የተነቀሱት ክብ መስመር ወደ ሰማያዊ ባዘነበለ ጥቁረቱ ዛሬም ጎልቶ ይታያል። የእህቴ ልጅ ከአራት ዓመት በፊት በእጅ አንጓዋ ላይ ያስነቀሰችው ቀይና ቢጫ አበባ ግን ከወዲሁ ደብዝዟል። አንድ ቀን ሰዓቷን ስታወልቅ፣ የሰዓቱ ማሰሪያ ሸፍኖት የኖረው የአበባው ክፍል ትናንት የተነቀሰ ይመስል ነበር፤ ከማሰሪያው ውጭ የነበረው ቀይ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ሻሽ ነጥቷል፣ ቢጫውም ከቆዳዋ ሊለይ አልቻለም። ነቃሹን ስንወቅስ የኖርነው ያለጥፋቱ ነበር፤ ቀለሙን የበላው ፀሐይ ነው።

የንቅሳት ቀለም የሚቀመጠው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን በታች፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ላይ ነው። ላይኛው ሽፋን በግምት በየወሩ በአዲስ ስለሚተካ እዚያ የቀረው ቀለም አብሮ ይራገፋል። ወደ ውስጥ የዘለቀውን ቀለም ግን ባዕድ ነገርን የሚውጡ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይይዙታል፤ እነርሱ ሲሞቱ የለቀቁትን ደግሞ በቦታቸው የሚተኩት ሴሎች መልሰው እንደሚውጡት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2010 ዓ.ም. በአይጦች ላይ አሳይተዋል። ከጥቃቅኑ ቅንጣት የተወሰነው ወደ ንፍፊት እየተወሰደ ስለሚቀር ማንኛውም ንቅሳት ከዓመታት በኋላ ጥቂት መሳሳቱና ጠርዙ መስፋቱ አይቀርም። ፀሐይ የምታደርሰው ጉዳት ግን ከዚህ የተለየና የፈጠነ ነው። ጥላሸት በአመዛኙ ካርቦን በመሆኑ ብርሃን በቀላሉ አይሰብረውም፤ ብዙዎቹ ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ቀለሞች ግን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቀስ በቀስ የሚሰባብራቸው ውሁዶች ናቸው።

የእኛ አገር ችግር ብርዱ የሚያዘናጋ መሆኑ ነው። ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ የሚወርድ ሰው ሙቀቱን ፈርቶ ይከናነባል፤ በደሴው ጦሳ ተራራ ሥር በቀዝቃዛ አየር የሚሄድ ግን ክንዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይውላል። ይሁን እንጂ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደሴም የምትገኘው ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ስስ ደመናም ቢሆን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

ስለዚህ የዳነ ንቅሳትን ከሁሉ በፊት በልብስ ይሸፍኑ። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱት፤ ብርሃን በሰፊው የሚያሳልፍ ስስ ነጠላ ካልተደረበ በቂ አይደለም፣ ጋቢ ወይም ጥቅጥቅ ያለ እጅጌ ይሻላል። መሸፈን በማይቻልበት ጊዜ የመከላከል አቅሙ (ኤስፒኤፍ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሁለቱንም የአልትራቫዮሌት ጨረር ዓይነቶች (ዩቪኤና ዩቪቢ) የሚከላከል የፀሐይ ክሬም ከመውጣትዎ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀደም ብለው ይቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱም ይድገሙት። ብዙዎች በስሱ አንድ ጊዜ ቀብተው ክሬሙ አልሠራም ይላሉ፤ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ ከመጠኑና ካለመድገም ነው። የደረቀ ቆዳ ንቅሳቱን አመድማ ስለሚያስመስለው ማታ ማታ ሽታ የሌለው ቅባት መቀባት ይረዳል፤ ይህ መልኩን ያፈካል እንጂ የጠፋ ቀለም አይመልስም።

አዲስ ንቅሳት ግን ቁስል ነው፤ እስኪድን፣ ማለትም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ የፀሐይ ክሬም አይቀባበትም፤ በንጹሕና ላላ ባለ ልብስ ብቻ ይከለላል። በንጹሕ ለብ ያለ ውኃና ሽቶ በሌለው ሳሙና በቀስታ አጥበው ሳያሹ ያድርቁት። ቅርፊቱን መላጥ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሐይቅ ውስጥ መዋኘትም ሆነ የቦለቅያ ጢስ መሞቅ ይቅር፤ ላቡም ሙቀቱም ቁስሉን ያስቆጣል። አክስቴ በፍቅር የሚመክሩት ለጋ ቅቤም በዚህ ቦታ አይሆንም፤ ሎሚ ደግሞ ጨርሶ አይነካውም።

ገና ሊነቀስ ያሰበ ሰው ቀለሙንና ቦታውን አስቀድሞ ቢመርጥ ብዙ ድካም ይቀንሳል። በጠይም ቆዳ ላይ ቀለሙ ቆዳን ከሚያጠቁረው ሜላኒን በታች ስለሚቀመጥ በቀጭን ሻይ ውስጥ አሻግረን እንደምናየው ነገር ይሆናል፤ ስለዚህ ፈዛዛ ቢጫና ነጭ ብዙም አይታዩም፣ ደማቅ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ ይሻላሉ። በጥቁር መስመር የተከበበ ሥዕል ውስጡ ቢሳሳም ቅርጹን አያጣም። ጣት፣ መዳፍና ውስጥ እግር ዘወትር ስለሚታሹ ቀለም አይበረክትባቸውም።

የደበዘዘውን ማደስ ይቻላል፤ ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ፣ ዓይንዎ እያየ ከእሽጉ በሚወጣ አዲስ መርፌና ለእርስዎ ብቻ በተቀዳ ቀለም መሆን አለበት፤ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ በመርፌ ይተላለፋሉና። ቀዩ ክፍል ብቻ ካበጠና ካሳከከ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ከማደስዎ በፊት የቆዳ ሐኪም ያማክሩ። የእህቴ ልጅም በቅርቡ ልታድሰው ነው፤ ቢጫውን ትታ ቀዩን ብቻ ታስደምቃለች፣ ሰዓቷንም ወደ ሌላው እጇ አዛውራ ረጅም እጅጌ መልበስ ጀምራለች።