የናፍቆት ግጥም ለመጻፍ፦ ከበርሜሉ ጀምሩ

ቀን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምውለው፤ ግጥም የምሞክረው ማታ ነው። ያም ሆኖ ጓደኞቼ በቴሌግራም ግጥም እየላኩ «እስቲ እዪልኝ» ይሉኛል። አብዛኛው የሚላክልኝ ይህን ይመስላል፦

ናፍቆትሽ ገደለኝ፣ ብቸኝነት በላኝ፣
ሌሊቱ ረዘመ፣ ሐሳብ አሰቃየኝ።

ማንም እንዳይቀየም ለምሳሌ ብዬ ራሴ የገጠምኩት ነው። ስንኙ አልተሰበረም፣ ቤትም ይመታል። ግን የናፈቀችው ማን ናት? እናት ትሁን፣ ሚስት፣ የሰፈር ልጅ፣ ምኑም አይታወቅም። ማንም ለማንም ሊልከው ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ተሰማሽ?» ብዬ አይደለም። «እሷ ቤት ውስጥ ምን ትሠራ ነበር? አሁን ማን ይሠራዋል?» እላለሁ። ታናሽ እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አብረን ስንኖር ውሃ በፈረቃ ነበር፤ ደግሞ የሚመጣው በእኩለ ሌሊት። እኔ ቧንቧውን ስከፍት እሷ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ይዛ ትቆማለች፤ ካልተያዘ ዘሎ ወጥቶ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። አሁን መክፈቱም መያዙም የኔ ነው። ይህን መጀመሪያ እንደ ደብዳቤ በስድ ንባብ ጻፉት። ቤት ለመምታት አትቸኩሉ፤ ዕቃዎቹን ብቻ በስማቸው ጥሩ።

ቀጥሎ ቆጠራ። ለጀማሪ የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምጣኔ የሚያህል የለም፤ ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ ያውቀዋል። አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፣ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ምት። የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን ድምፅ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ሌሊት» ሦስት ፊደል፣ ሁለት ምት ነው፤ «ቤት» ሁለት ፊደል፣ አንድ ምት። ሳድሱ (እንደ «ት» ያለው ስድስተኛ ፊደል) አናባቢ ሳይሰማበት ሲቀር ከፊቱ ያለው ላይ ይለጠፋል። ጠረጴዛ እየመታችሁ ቁጠሩት፦

ውሃ መጣ ሌሊት፣ ቧንቧው ሲያንጎራጉር፣
ጎማ ያዥዋ ሄዳ ሰው ቤት በሰው አገር።

«ሲያ» በአንድ ትንፋሽ ካልተባለ 7 ይሆንባችኋል። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን አፍ የሚቀበለውን እቀበላለሁ። ፈጠን ያለ ነገር የሚፈልግ በ5 እና በ5 የሚሄደውን ሰንጎ መገን ይሞክር። ለናፍቆት ግን የወል ቤት እርጋታ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ቤት መምቻው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት በጣም ርካሽ ነው፤ «በላኝ፣ አሰቃየኝ፣ ጣለኝ፣ ተወኝ» እየተባለ እስከ ነገ መሄድ ይቻላል። ሥራውን የሠራው «ኝ» እንጂ ገጣሚው አይደለም። መድኃኒቱ ዐረፍተ ነገሩን ማዞር ነው፦ ግሡን ወደ መሐል ሳቡና መጨረሻውን ለስም ስጡት። ከላይ «አገር» መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ከሁለቱ ስንኝ አንዱ ስም ላይ ካረፈ ይበቃኛል። ደግሞም «ጉር» እና «ገር» ላይ እንዳለው፣ ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለውም ሲቀራረብ ቤቱ ይጠነክራል።

ሰምና ወርቅን መዝገበ ቃላት ከፍቶ የሚፈልግ ሰው አውቃለሁ፤ ተንኮል ተንኮል የሚሸት ነገር ይዞ ይመጣል። ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሰሙንም ወርቁንም የሚሸከመው ቃል፣ የጻፋችሁለትን ሥራ ስትሠሩ በእውነት ከአፋችሁ የሚወጣ ይሁን። ጎማ ይዞ የቆመ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፦

ሞላ ወይ፣ ሞላ ወይ፣ ብዬ በጨለማ፣
ቆምኩኝ ከበርሜሉ፣ ጠብታውን ስሰማ።

የእህቴ ኮንትራት የሁለት ዓመት ነው። በርሜሉም ዓመቱም ይሞላል። ስለ ዓመቱ አንድም ቃል አላስገባሁም፤ አስገብቼው ቢሆን ወርቁ እዚያው ሰም ይሆን ነበር። በድምፅ ቀድቼ ስልክላት ሳቀች፣ «አንቺ፣ በርሜሉን ክደኚው እንጂ፣ ትንኝ ያፈራል» አለችኝ። ስንኙ እንደደረሳት ያወቅሁት በዚያ ነው።

የፍቅር ግጥምም መንገዱ ያው ነው፤ ጨረቃና ጽጌረዳን ብቻ ለጊዜው ተዉአቸው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቦታ ይይዝልሽ ከነበረ ሰልፉን ጻፊ። ብቸኝነት ላይ ደግሞ ሰዓቱን ለዩ። እሑድ ከሰዓት፣ ጎረቤት ቡና ሲወቀጥ የሚሰማው ብቸኝነትና ማክሰኞ ማታ መብራት ሲጠፋ ያለው አንድ አይደሉም።

ሲያልቅ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ የሚቻል ከሆነም አንጎራጉሩት። እኔ ደሴ ስላደግሁ በትዝታ ቅኝት እሞክረዋለሁ፤ ባቲና አምባሰልም የአገሬ ቅኝቶች ናቸው፣ ግን አምባሰል ለኔ ድምፅ ይከብደኛል። ዜማው ላይ የሚያደናቅፋችሁ ቃል ካለ፣ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር አውጡት። ሁለት ስንኝ ነገሩን ከጨረሰው ሦስተኛ አትጨምሩ፤ እንጉርጉሮአችን በሁለት ስንኝ መጨረስን ያውቅበታል። ርዕስ የግድ ካስፈለገም «ናፍቆት» አትበሉት፤ የኔን «ጎማ» ብዬዋለሁ።