ነቅለው የሰኩት ፕሪንተር ዝም ሲል

ስድስት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የምሰጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሰኔ ሲገባ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙ ተማሪዎች ስለሚበዙ ሻይ ለመጠጣት እንኳን ፋታ የለም። ከነዚያ ቀናት በአንዱ ጠዋት ረዳቴ ወለሉን ሊጠርግ ጠረጴዛውን ሳብ ሲያደርገው ከኮምፒውተሩ ጀርባ የነበሩት ኬብሎች ተነቀሉ። ጠንቃቃ ልጅ ነውና ሁሉንም መልሶ ሰካቸው። የመጀመሪያው ደንበኛ 112 ገጽ ይዞ መጣ፤ እንዲታተም አዘዝኩ፤ ፕሪንተሩ ግን ትንፍሽ አላለም። መብራቱ በርቷል፣ ወረቀት አለው፣ ቀለም አለው።

«እትዬ፣ እስከ 6 ሰዓት ማስረከብ አለብኝ» ይለኛል ተማሪው በየደቂቃው።

እኔም ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ተበላሽቷል ብዬ ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመርኩ። ከማላውቀው ድረ ገጽ ያወረድኩት ፋይል ከድራይቨሩ ይልቅ ሦስት የማላውቃቸውን ፕሮግራሞች ጭኖልኝ ዐረፈ። ሁለት ሰዓት ከታገልኩ በኋላ ልጁን ወደ ጎረቤት ሱቅ ወስጄ በራሴ ገንዘብ አሳተምኩለት። ከሰዓት በኋላ ተረጋግቼ ሳየው ድራይቨሩ ምንም አልሆነም። ኬብሉ የተሰካው ከቀድሞው ቀዳዳ ጎን ባለው ቀዳዳ ነበር፤ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካ ለኮምፒውተሩ ማንነቱን ይናገራል፤ አንድ ቁጥር ለአምራቹ፣ አንድ ቁጥር ለሞዴሉ። ዊንዶውስ ድራይቨር የሚመርጠው በእነዚህ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ በዚህ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ እንዲህ ያለውን የትም ብትሰኩት ይታወቃል። መለያ ቁጥር የሌለው ግን የሚመዘገበው በገባበት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ ሲቀይር እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጠራል፤ ፕሪንተር ከሆነ ደግሞ በስሙ መጨረሻ «ኮፒ 1» የሚል ሁለተኛ ምልክት ይፈጠርለታል። ነባሪ (ሌላ ካልመረጣችሁ ሥራ የሚላክለት) ሆኖ የቀረው የድሮው ምልክት ነውና የምታዙት ሁሉ ማንም ወደሌለበት ይላካል።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ነገር አታውርዱ። ኬብሉን ቀድሞ ወደነበረበት ቀዳዳ መልሱት። የትኛው እንደነበር ካላስታወሳችሁ ሁሉንም በየተራ ሞክሩ፤ አንድ የኮምፒውተር ጀርባ ላይ ብዙ ቢሆን ስድስት ወይም ስምንት ቀዳዳ ነው። መመለስ የማይቻል ከሆነ በሴቲንግስ ውስጥ «ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ» የሚለውን ክፈቱና አዲሱን ምልክት ነባሪ አድርጉት፤ የድሮውን አጥፉት። እዚያው ላይ ነባሪውን ፕሪንተር ዊንዶውስ እንዲመርጥ የሚፈቅድ ምርጫ አለ፤ እሱንም አንሱት፤ አለዚያ ነገ ሳትጠይቁት ይለውጥባችኋል። ምልክቱን ማጥፋት ካልፈለጋችሁ የድሮውን «ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ «ፖርትስ» በሚለው ገጽ ላይ ከዩኤስቢ 001 ወደ ዩኤስቢ 002 (ወይም አዲሱ ወደያዘው) ማዛወር ይበቃል።

ይህ ካልረዳ ጆሯችሁን አቅኑ። መሣሪያው ሲሰካ ኮምፒውተሩ ያቺን የምታውቋትን ድምፅ ያሰማል? ድምፅ ከሌለ፣ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር በሚታይበት «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥም ምንም አዲስ ነገር ካልታየ፣ ነገሩ የድራይቨር አይደለም። በተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ኬብል ውስጥ አራት ሽቦ አለ፤ ሁለቱ ኃይል ያመላልሳሉ፣ ሁለቱ መረጃ። ለስልክ መሙያ ብቻ ተብለው የተሠሩ ኬብሎች መረጃ የሚያመላልሱት ሁለቱ የሏቸውም፤ መብራት ያበራሉ እንጂ አያናግሩም። በኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ካለው ቀዳዳ ይልቅ ከጀርባ ያለውን ተጠቀሙ፤ የፊቱ በውስጥ ሽቦ ዞሮ የሚመጣ ነው። የዩኤስቢ ማከፋፈያ (ሀብ) ካለ አውጡትና በቀጥታ ሰኩ። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ የራሱ የኃይል ገመድ የሌለው ማከፋፈያ ይህችኑ ለአራት መሣሪያ ሲያካፍል ስካነሩ ይራባል።

«ዲቫይስ ማኔጀር»ን ለማግኘት የስታርት ምልክት ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉ። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያለበትን ፈልጉና ሁለቴ ንኩት፤ ውስጡ ኮድ ተጽፏል። ብዙ ሰው ይህን ሳያነብ መስኮቱን ይዘጋል፤ ሕመሙን ሳይጠይቁ መድኃኒት መግዛት ማለት ነው። ኮድ 28 ከሆነ ድራይቨር አልተጫነም፤ አሁን ማውረድ ይፈቀዳል። ኮድ 10 ከሆነ ድራይቨሩ አለ፣ መሣሪያውን ማስነሣት ግን አልቻለም። ኮድ 43 ሲሆን መሣሪያው ራሱ ችግር እንዳለበት ተናግሯል ማለት ነው። ከኮድ 43 ጋር ብዙ ጊዜ «አንኖውን ዩኤስቢ ዲቫይስ» የሚል ስም ይመጣል፤ በቅንፍ ውስጥ «ዲስክሪፕተር ሪኩዌስት ፌይልድ» ከተባለ ደግሞ ኮምፒውተሩ ማንነቱን ጠይቆ መልስ አላገኘም። በር አንኳኩቶ «ማነው?» ሲባል ዝም የሚል ሰው አስቡ። ስሙን ላልተናገረ መሣሪያ የሚሆን ድራይቨር በዓለም ላይ የለም፤ ስታወርዱ ብትውሉ ከንቱ ነው። መሣሪያውን ከግድግዳው ሶኬት ነቅላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩት፣ ኬብል ቀይሩ፣ ኮምፒውተሩን «ሪስታርት» አድርጉ።

«ሪስታርት» ያልኩት በምክንያት ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፈጣን አነሣስ የሚባል አሠራር አለ፤ ይህ በርቶ ከሆነ «ሻት ዳውን» ስትሉ ድራይቨሮቹ ከነሁኔታቸው ዲስክ ላይ ይቀመጡና ሲከፈት እንዳሉ ይመለሳሉ። ማታ የዘጋችሁት ችግር ጠዋት አብሯችሁ ይነሣል። «ሪስታርት» ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስነሣል። እኔ ለዓመታት አጥፍቶ ማብራት ይበልጣል ብዬ ሰዎችን ሳሳስት ኖሬአለሁ።

ድራይቨሩ በእርግጥ ከተበላሸ በላዩ ላይ ሌላ አትደርቡ። ፕሪንተር ከሆነ ምልክቱን አጥፉ፤ ቀጥሎ እዚያው «ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ» ገጽ ላይ «ፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ከፍታችሁ «ድራይቨርስ» ከሚለው ዝርዝር ከነጥቅሉ አስወግዱት። በሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ካለ «ሰርቪስስ» በሚባለው የዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የሚታተሙትን ሥራዎች በወረፋ የሚይዘውን «ፕሪንት ስፑለር»ን አቁማችሁ አስነሡና ወዲያው ድገሙት። ሌላ መሣሪያ ከሆነ በ«ዲቫይስ ማኔጀር» «አንኢንስቶል» ስትሉ ድራይቨሩንም አብሮ እንዲያጠፋ የምትጠይቀውን ትንሽ ሳጥን ምልክት ማድረግ አትርሱ። ከዚያ ኬብሉን ነቅላችሁ «ሪስታርት» አድርጉ። አዲሱን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አምጡ፤ ሞዴሉን ከፕሪንተሩ ጀርባ ካለው ወረቀት ላይ አንብቡ፣ በግምት አይሆንም። ብዙ የፕሪንተር መጫኛዎች ኬብሉ የሚሰካው እነሱ ሲጠይቁ ነው፤ ቀድማችሁ ብትሰኩ ዊንዶውስ የራሱን ያስገባና ስካነሩ ሳይሠራ ይቀራል። የሠራላችሁን መጫኛ በፍላሽ አስቀምጡ። የእኔ ፍላሽ በመሳቢያው ውስጥ በክር ታስሯል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ዋጋው ይታወቃል።

ከሱቄ ጎን ያለው ፋርማሲ የገጠመው ግን ሌላ ዓይነት ነው። የደረሰኝ ማተሚያቸው የተገናኘው ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል (የድሮ ዓይነት የመረጃ መስመር) በሚቀይር ገመድ ነው፤ ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን መስመር «ኮም» ብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። ገመዱ ሌላ ቀዳዳ ሲገባ ኮም 3 የነበረው ኮም 7 ሆነ፤ የሽያጭ ፕሮግራሙ ግን ኮም 3 ላይ እየጮኸ ነው። «ዲቫይስ ማኔጀር» ምንም ቢጫ ምልክት የለውም፤ ሁሉም ደኅና ይመስላል። እዚህ «ፖርትስ» ከሚለው ሥር መሣሪያውን ከፍታችሁ፣ «ፖርት ሴቲንግስ» ውስጥ «አድቫንስድ» ብላችሁ ቁጥሩን ወደ 3 መልሱት። 3 ተይዟል ካለ የያዘው የቀድሞው ምዝገባ ሊሆን ይችላል፤ ከ«ቪው» ዝርዝር የተደበቁ መሣሪያዎችን አሳይ በሉትና ደብዝዞ የሚታየውን አጥፉት። ደብዛዛውን ስትከፍቱት ኮድ 45 ይላል፤ አሁን አልተገናኘም ማለት ብቻ ነው፤ አትደንግጡ።

ሲሠራ ቆይቶ ሥራ ፈት ሲሆን ለሚጠፋ መሣሪያ ደግሞ በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሀብ» የሚሉትን እየከፈታችሁ «ፓወር ማኔጅመንት» ላይ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የጥፍር ቀለም ከቤት አምጥቼ በፕሪንተሩ ኬብል ራስና በቀዳዳው አፍ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጌአለሁ። ስካነሩ ሐምራዊ ነው፤ ያ ቀለም ለእጄ አልሆነኝም ነበር። ረዳቴ ሲጠርግ ቢነቀልም ቀይን ከቀይ ማጋጠም አያቅተውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ መሣሪያውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። እዚያም ያው ኮድ 43 ከመጣ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ነው። ስትወስዱት ኬብሉንም አብራችሁ ውሰዱ፤ ጠጋኙ በራሱ ኬብል ሰክቶ «ይሠራል» ይላችሁና የመመርመሪያ ከፍላችሁ፣ ቤት ገብታችሁ በዚያው በተበላሸው ኬብል መልሳችሁ ትሰኩታላችሁ።