አሜሪካ ውስጥ በ50 ዶላር አክሲዮን ለምትጀምሩ፦ ገንዘቡ ገባ ማለት አክሲዮን ተገዛ ማለት አይደለም

«በ50 ዶላር ምን አክሲዮን ይገዛል?» የሚል ጥያቄ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ይገዛል። ፊደሊቲን የመሳሰሉ ድርጅቶች የአክሲዮን ቁራሽ ከ1 ዶላር ጀምሮ ይሸጣሉ፤ አካውንት መክፈቻም ኮሚሽንም የለም። ግን ዋጋው ይወርዳል። በ2008 ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ገደማ ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ) የትርፍ ድርሻ ተቆጥሮም እንኳ በአንድ ዓመት ብቻ 37 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ ክፍያ፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ እዚህ ውስጥ አይገባም። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ላይ 25 በመቶ ወለድ እየከፈሉ አክሲዮን መግዛትማ በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

መጀመሪያ መሥሪያ ቤታችሁን ስለ ፎር ኦ ዋን ኬ (401(k)፣ ከደመወዝ እየተቆረጠ በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ገንዘብ) ጠይቁ። አሠሪው እስከ 4 በመቶ እኩል የሚጨምር ከሆነ፣ በሳምንት 600 ዶላር የሚያገኝ ሰው 24 ሲያስቀምጥ ሌላ 24 ይጨመርለታል። ይህን ትቶ ስልክ ላይ አክሲዮን የሚያሳድድ ሰው አይገባኝም። አሠሪው የጨመረው ሙሉ በሙሉ የእናንተ እስኪሆን ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት ቀኑን አጣሩ።

ቀጥሎ ሮት አይ አር ኤ (Roth IRA)፣ ታክስ በተከፈለበት ገንዘብ ራሳችሁ የምትከፍቱት የጡረታ አካውንት። ያስገባችሁትን ዋናውን በማንኛውም ጊዜ ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል፤ ትርፉን ግን እስከ 59 ዓመት ተኩል አትንኩት። በዓመት ማስገባት የሚቻለው ጣሪያ በ2025 ዕድሜው ከ50 በታች ለሆነ 7,000 ዶላር ነበር። ሌላ ገቢ የሌላችሁ የኡበር ሾፌሮች ልብ በሉ፦ የሚቆጠረው ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው። ታክስ ላይ የተጣራው 4,000 ከሆነ ከዚያ በላይ ማስገባት አይቻልም፤ ከልክ በላይ የገባው ካልወጣ በየዓመቱ 6 በመቶ ያስቀጣል።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ባንኩ የአባትን ስም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ካደረገ ከባንኩ ወደ አክሲዮን አካውንቱ የሚላከው ገንዘብ ተመላሽ ሊሆን ይችላል። ከመክፈታችሁ በፊት አስተካክሉት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የሚሞላው የታክስ ቅጽ ደብልዩ 9 (W-9) ነው። በስሕተት የውጭ ነዋሪዎችን ቅጽ ከሞላችሁ ከትርፍ ድርሻችሁ 30 በመቶ ይቆረጣል፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላቸው ቅናሽ የለም።

አሁን እኔም ወደ ወደቅኩበት ጉድጓድ። ከባንክ በየወሩ 50 ዶላር እንዲገባ ታዝዛላችሁ፣ ገንዘቡ ይገባል፣ መተግበሪያው ቀሪ ሒሳባችሁን ያሳያል፤ እናንተም ኢንቨስት ያደረጋችሁ ይመስላችኋል። አላደረጋችሁም። ሮት አይ አር ኤ ቋቱ እንጂ እህሉ አይደለም። ገንዘቡ ጥሬ ሆኖ ዓመት ቢቀመጥ ማንም አይደውልላችሁም። «ፖዚሽንስ» የሚለውን ክፈቱ፤ «ካሽ» ወይም «መኒ ማርኬት» ብቻ ካለ ምንም አልተገዛም። «ትሬድ» ብላችሁ የፈንዱን ምልክት ጻፉ፤ ለምሳሌ ቪ ቲ አይ (VTI) ከ3,000 በላይ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ይይዛል፣ ዓመታዊ ወጪውም ከ1,000 ዶላር 30 ሳንቲም ገደማ ነው። «ሼርስ» ሳይሆን «ዶላርስ» ምረጡ፣ 50 ጻፉ፣ ገበያው ክፍት በሚሆንበት ሰዓት፣ በኒው ዮርክ ሰዓት ከጠዋቱ 9:30 እስከ ከሰዓት በኋላ 4:00 (በፈረንጆች አቆጣጠር)፣ እዘዙ። ትእዛዙ «ፊልድ» እስኪል አትውጡ። በየወሩ ማስገባትና በየወሩ መግዛት ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሠራም። የትርፍ ድርሻም ተመልሶ እንዲገዛ ለብቻው ይበራል።

በቴሌግራም «እኔ ልነግድላችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ዝጉት፣ አማርኛው ቢጥምም። በማኅበር ቤት ቡና ላይ «ኢንቨስትመንት ነው» ተብሎ የሚሸጠው የሕይወት ኢንሹራንስም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢተው ምን ያህል እንደሚመለስ በጽሑፍ ሳታዩ አትፈርሙ።

ከሮት ውጭ ተራ አካውንት ያላችሁ ደግሞ በጃንዋሪ ታክስ ሠሪ ጋ አትሩጡ፤ አክሲዮኑን የገዛችሁበት ድርጅት የሚልከው 1099 የተባለው የታክስ ቅጽ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው።