ሚልተሩ ደብዳቤ ሲያበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ወደ ውጭ በሚወጣው ኢሜይል ሁሉ ግርጌ ላይ የአማርኛ ማስታወሻ የሚጨምር ሚልተር በፓይተን ጽፌ ነበር። ሚልተር ለማያውቅ፦ የፖስታ ሰርቨሩ ደብዳቤውን ከመረከቡ በፊት «ይለፍ? ይመለስ? ይስተካከል?» ብሎ የሚጠይቀው፣ ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ነገሩ ሴንድሜይል ከተባለው የፖስታ ሰርቨር ፕሮግራም የመጣ ነው፤ ሌላው የፖስታ ሰርቨር ፕሮግራም፣ ፖስትፊክስም፣ ከ2.3 እትሙ ጀምሮ ይቀበለዋል። ኮዱ አጭር ነበር፣ ጣጣው ረጅም። የእኔ ሰርቨር ዴቢያን ሊኑክስ ላይ ያለ ፖስትፊክስ ነው።

ደብዳቤ ጭራሽ አይንቀሳቀስም

መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት ስልኬ ጮኸ። «አቦ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ሰነድ የት ገባ?» ሎጉን ስከፍት «451 4.7.1» ተደርድሯል። ፖስትፊክስ ሚልተሩን ፈልጎ ሲያጣ ላኪውን «ቆይተህ ሞክር» ይለዋል፤ ካልነካችሁት ጠባዩ ይኸው ነው። ደብዳቤው አልጠፋም፣ ላኪው ሰርቨር ላይ ወረፋ ይዟል፤ አትደንግጡ።

የእኔ መንስኤ የሚያሳፍር ነበር። ሚልተሩን በእጄ አስነስቼ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ በሲስተምዲ (ፕሮግራሞችን በሚያስነሳው የሊኑክስ ክፍል) ሳልመዘግበው ትቼዋለሁ። ሚልተሩ እየሠራም 451 ካልጠፋ ግን ሶኬቱን፣ ማለትም ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚገናኙበትን በር፣ ተጠራጠሩ። እንደ እኔው ዴቢያን የፖስትፊክስ ተቀባይ ክፍል በስፑል ማውጫው (ወረፋ የያዙ ደብዳቤዎች በሚቀመጡበት ማውጫ) ውስጥ ተቆልፎ የሚሠራ ከሆነ ከዚያ ውጭ ያለ የሶኬት ፋይል አያይም። ወይ ሶኬቱን እዚያው ውስጥ ፍጠሩት፣ ወይ እንደ እኔ ፋይሉን ትታችሁ በ127.0.0.1 (የሰርቨሩ የራሱ የውስጥ አድራሻ) ላይ ፖርት ስጡት።

ሚልተሩ ሲወድቅ ምን ይደረግ የሚለውንም ቀድማችሁ ወስኑ። ቫይረስ የሚፈትሽ ከሆነ ደብዳቤው ይቆይ፤ ግርጌ ለሚጨምር ግን ቅንብሩን «አክሰፕት» (ይለፍ) አድርጉት። ለአንድ ማስታወሻ ተብሎ የጭነት ሰነድ አይታገትም።

ረጅም ደብዳቤ ላይ አንዳንድ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል

ሌሊት ያሳደረኝ ይህ ነው። አጭሩ ደብዳቤ ደህና ይደርሳል፣ ረጅሙ መሃል ላይ አንድ ፊደል ይሰበራል፣ እንግሊዝኛ ከሆነ ምንም አይሆንም።

ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ዘዴ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ፖስትፊክስ ደግሞ ረጅም ደብዳቤን ለሚልተሩ በአንድ ጊዜ አያቀብልም፤ ቢበዛ 65535 ባይት እየቆረሰ ነው። ሲቆርስ የፊደል ድንበር አያውቅም፤ የ«ለ» ሁለት ባይት በፊተኛው፣ አንዱ በኋለኛው ቁራጭ ሊወድቅ ይችላል። እኔ እያንዳንዱን ቁራጭ እንደደረሰኝ ወደ ጽሑፍ እቀይር ነበር፤ ግማሽ ፊደል ደግሞ አይነበብም።

የባሰው፣ ሙከራዬ ራሱ ስህተቱን ደብቆት ነበር። «ሀ»ን ብቻ መቶ ሺህ ጊዜ ደጋግሜ፣ በ65535 እየቆረጥኩ ለፈንክሽኑ ሰጠሁት፤ አለፈ። 65535 ለ3 ሲካፈል 21845 ነው፣ ቀሪ የለውም! እያንዳንዱ ቁራጭ ልክ ፊደል ላይ ያልቃል። መጀመሪያው ላይ አንዲት ክፍት ቦታ ጨመርኩ፤ እሷ 1 ባይት ናትና ሁሉም ተንሸራተተ፣ ስህተቱም አደባባይ ወጣ።

መፍትሄው፦ ቁራጮቹን በባይትነታቸው አጠራቅሙ፤ የደብዳቤው መጨረሻ መድረሱን የሚያበስረው ጥሪ ሲመጣ ብቻ ወደ ጽሑፍ ቀይሩ። በቤዝ64 (ባይቱን በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ጽፎ በሚልክ ዘዴ) ለሚመጣውም ያው ነው፤ እሱ አራት አራት ሆኖ ስለሚነበብ የትም ሲቆረጥ ሊበላሽ ይችላል።

ይህ ከተስተካከለም በኋላ አንዳንድ ተቀባይ ዘንድ ፊደል ይሰበር፣ የዲኪም ፊርማውም (ደብዳቤው መንገድ ላይ አለመነካቱን የሚያረጋግጠው) አብሮ ይወድቅ ነበር። የዚህኛው መንስኤ 998 የተባለ ቁጥር ነው። በኢሜይል ደንብ አንድ መስመር ከ998 ባይት አያልፍም፤ ፖስትፊክስ ሲልክ የበለጠውን ቆርጦ አዲስ መስመርና ክፍት ቦታ ያስገባል። እንግሊዝኛ ጸሐፊ አንድ ሺህ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይጽፋል፤ ለእኛ 332 ፊደል ገብቶ 333ኛው መሃሉ ላይ ይቆረጣል። ቆረጣው ከፊርማው በኋላ ስለሆነ ፊርማውም ዋጋ ያጣል። አንድ ገጽ ሙሉ ኢንተር ሳይነኩ የሚጽፉ ትራንዚተር ካሉባችሁ ዕለቱን ታዩታላችሁ። ሚልተሩ የነካውን ክፍል ሁሉ መስመሩ 76 ባይት ላይ በሚሰበር ቤዝ64 አውጡት፤ በምን ዘዴ እንደተጻፈ የሚናገረውን የኢንኮዲንግ ሄደር (የክፍሉን የራስጌ መስመር) አብራችሁ ለውጡ።

ግርጌው አይታይም፣ ወይም አባሪ ውስጥ ይገባል

አባሪ ያለው ደብዳቤ በወሰን መስመሮች የተከፋፈለ ነው። ከመጨረሻው ወሰን በኋላ የለጠፋችሁትን የተቀባዩ ፕሮግራም አያሳየውም። በፓይተን የኢሜይል ላይብረሪ ፈትታችሁ የጽሑፉንም የኤችቲኤምኤሉንም ክፍል ለየብቻ አስተካክሉ። የክፍሉን ዓይነት ብቻ ግን አትመኑ። በቴክስት ፋይል የተላከ የኮንቴይነር ዝርዝር መጨረሻው ላይ የእኛን ማስታወሻ ይዞ ሄዷል። በሄደሩ «አባሪ» የተባለውን ክፍል እለፉት።

የአንዱ ደብዳቤ ከሌላው ይቀላቀላል

የሚያስፈራው ይህ ነው። ላኪ ሰርቨር በአንድ ግንኙነት ብዙ ደብዳቤ ሊያቀብል ይችላል። ያጠራቀማችሁትን ባይት የምታጸዱት ግንኙነቱ ሲከፈት ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛው ደብዳቤ በመጀመሪያው ላይ ይቀጥላል፤ የአንዱ ነጋዴ ዋጋ ለተፎካካሪው ይደርሳል። እያንዳንዱን ደብዳቤ የሚጀምረው «ሜይል ፍሮም» የተባለው ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር አጽዱ፤ የሙከራ ስክሪፕታችሁም ግንኙነቱን ሳይዘጋ ሁለት ደብዳቤ ይላክ።

ቀሪዎቹ

ለውጣችሁ ውድቅ ከሆነ፣ ሚልተሩ መጀመሪያ ሲገናኝ አካል ለመለወጥ ወይም ሄደር ለመጨመር ፈቃድ መጠየቁን እዩ። ዲኪም ሁልጊዜ የሚወድቅ ከሆነ ፈራሚውን በዝርዝሩ ከእናንተ ሚልተር ኋላ አስቀምጡት። ግርጌው ሁለቴ ከወጣ ደብዳቤው በይዘት ማጣሪያ ዞሮ እየተመለሰ ነው፤ በመመለሻው ፖርት ላይ ሚልተሮችን አጥፉ።

ከክሮን (ሥራን በሰዓቱ ከሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚወጣው የሌሊት ሪፖርት ብቻ ግርጌ ካጣ ደግሞ ስህተት አይደለም፤ ሰርቨሩ ላይ በ«ሴንድሜይል» ትዕዛዝ የሚገባ ደብዳቤ ሰርቨሮች ደብዳቤ በሚቀባበሉበት የኤስኤምቲፒ በር አያልፍም፣ ፖስትፊክስ ለእሱ ሌላ የሚልተር ዝርዝር አለው። እኔ ባዶ ትቼዋለሁ። ሪፖርቱን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።